ሙዝ ሸተተሽ?

ወተቱ እያረረ ኤርሲሊያ እዚያው ምድጃው አጠገብ ቆማ ፀጉሯን ታበጥር ነበር። ራቅ ብላ ቢሆን ምን ክፋት ነበረው፤ ከድስቱ እስከ አፍንጫዋ ግን አንድ ክንድ አይሞላም። የእህቷ ልጅ ዮሌኒ ከመኝታ ክፍል ብቅ ስትል ወጥ ቤቱ በጭስ ተሞልቷል፤ ጣሪያው ላይ የተለጠፈው የጭስ ደወል ባትሪው ካለቀ ወር ስላለፈው እንደ እንግዳ ዝም ብሎ ያያል፤ ኤርሲሊያ ደግሞ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ በኪስ መስታወት ሽበቷን እያደነች፣ የፀጉር ሽቦ በጥርሷ ነክሳ ታንጎራጉራለች። ዮሌኒ ዘላ ምድጃውን አጠፋች። የድስቱ ሥር ከሰል ሆኗል።

"ቲያ! በቁማችን ልትጠብሺን ነው እንዴ?"

"አትጩኺብኝ፣ አይቼዋለሁ" አለች አክስቷ፤ በእነሱ ስፓኒሽ ቲያ ማለት አክስት ነው። አላየችውም። ዮሌኒ ስትጮህ ዞር ብላ ነው ያየችው፤ ያኔ ፊቷ ላይ የመጣው ድንጋጤም እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ ፊት ላይ የሚታየው ዓይነት ነው።

ኤርሲሊያ መስኮቱን ከፈተች፣ የፓተርሰን ከተማ የጥር ብርድ ሳያንኳኳ ገባ። ድስቱን ውሃ ሞላችበትና እንደ አስከሬን በፎጣ ሸፈነችው። ዮሌኒ የትናንቱን የተፈጨ አረንጓዴ ሙዝ አሞቀች፣ ሁለት ክብ የሳላሜ ቋሊማ ጠበሰች፣ ሁለቱም ቆመው በሉ። ዮሌኒ እዚህ ቤት ከገባች አምስት ወሯ ነው፤ በአምስት ወር ውስጥ ብዙ ነገር ለቅማለች። ኤርሲሊያ ሽቶ ስትቀባ ግማሽ ጠርሙስ ትደፋለች፤ ወደ ሥራ የሚያመላልሳቸው ቫን ውስጥ ሰው በብርድ መስኮት ይከፍታል፣ እሷ በሰዉ ብርድ አለመፍራት ትገረማለች። አንድ እሑድ ከርሞ የሸተተ ዶሮ ጠብሳ አቅርባ "ምን ያስኮርፍሻል፣ ብዪ እንጂ" ብላታለች። ደረጃ ስትወጣ ደግሞ ታስላለች፤ ሳሏ ደረቅ ነው፣ ባዶ ጀሪካን ሲንከባለል የሚሰማው ዓይነት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ እስኪደርሱ ሁለት ጊዜ ቆማ ቁልፍ የምትፈልግ ትመስላለች። ቁልፉ እጇ ላይ ነው። በዚያ ቤት ብዙ ይወራል፤ ስለ ኪራይ መጨመር፣ ስለ እንቁላል መወደድ፣ ታች ፎቅ ስላለችው ሴትዮ ሦስተኛ ባል ሳይቀር ይወራል። ስለ አፍንጫ ግን አይወራም።

ዛሬ ሰኞ ግን ዝምታው የሚያዋጣ አልነበረም፤ ምክንያቱም ዮሌኒ ዓርብ ዕለት ሁለቱ በሚሠሩበት ፋብሪካ ሽንት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሰምታለች። የሴቶቹንና የወንዶቹን ሽንት ቤት የሚለየው ግድግዳ ካርቶን ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ማዶ አለቃቸው በስልክ ያወራ ነበር። እንግሊዝኛዋ ለሌላ ነገር ባይረባም ለሐሜት ይበቃታል። "ነገ የሚጀምረው ፈታኝ እንደ እኛው ሰው አይደለም፣ በደንቡ ነው የሚሠራው" አለ። "ማሽተት ያቆመች ካለች ስሟን ማወቅ እፈልጋለሁ። ጠበቃ ይዛ ከመምጣቷ በፊት ከበሩ ውጭ ትሁን።" ከዚያ ሳቀ። ውሃው ለአንድ ሰከንድ ብቻ ፈሰሰ፤ ሳሙና እንዳልነካ ግልጽ ነው። ዮሌኒ እግሯን ሰብስባ መቀመጫው ላይ እንደተጎለተች፣ ሰውዬው ሄዶ እንኳ ብዙ ቆየች።

ፋብሪካው የሽታና የጣዕም ቅመም ነው የሚሠራው። ከረሜላውም፣ ማስቲካውም፣ የልጆች የሳል ሽሮፕም፣ ሻምፖውም፣ ፍሬ ፍሬ የሚለው ነገር ሁሉ ፍሬ አይቶ አያውቅም፤ እዚያ ከተደረደሩ ሰማያዊ በርሜሎች ነው የሚቀዳው። ከሁሉም የታወቀችው ሙዚት ናት። በርሜሏ ላይ ኢሶአሚል አሴቴት የሚል ረጅም ስም ተጽፎባታል፤ እሱን ብሎ እስኪጨርስ ፈረቃው ያልቃል፣ ስለዚህ ሴቶቹ ሙዚት ይሏታል። እውነቱን ለመናገር ሙዝ ሙዝ አትሸትም። ሙዝ ከጓሮው ቆርጦ የበላ ሰው ያውቃል፤ ሙዚት ማለት ሙዝ ነኝ እያለች የምትምል ከረሜላ ናት። ሙዚትና ሌሎቹ አርባ በርሜሎች ያሉበት ክፍል መቀላቀያ ይባላል፤ እንደ ኤርሲሊያና ዮሌኒ እዚያ የሚሠራ ሰው ካርቶን ከሚያሽጉት በሰዓት ሦስት ዶላር ይበልጣል። ከበርሜሎቹ የትኛው ሰው እንደሚጎዳ የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት አንዱ፣ ምናልባትም ሁሉም ተባብረው። ለዚህ ነው ባለ ሁለት ማጣሪያ የጎማ ጭምብል ሳያጠልቁ መግባት የማይፈቀደው።

ጭምብሉ ደግሞ በዓመት አንዴ ይፈተናል፤ የሚፈተነውም በሙዚት ነው። ጭምብልሽን አጥልቀሽ እንደ ድንኳን የተንጠለጠለ ላስቲክ ውስጥ ራስሽን ታስገቢያለሽ፣ ሙዚት የነካው ወረቀት አናትሽ ላይ ይሰቅሉልሻል፣ ከዚያ "ሙዝ ሸተተሽ?" ይሉሻል። ከሸተተሽ ጭምብሉ ያስገባል ማለት ነው። በደንቡ ከሆነ ፊትሽ ላይ ልክ የሚሆን ሌላ ጭምብል መፈለግ ነበረባቸው፤ እዚህ ፋብሪካ ግን ያሉት ሁለት ልኮች ብቻ ስለሆኑ ሸተተኝ ያለች ሴት ቀጥታ ወደ ካርቶን ማሸጊያ ነው የምትሄደው፣ ሦስቱ ዶላርም ደህና ሰንብቺ ይላታል። ስለዚህ መልሱ አንድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ የሠሩት፣ ሴቶቹ ለአክብሮት ዶኛ የሚሏቸው ኔሬይዳ ለአዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህንን ነው፦ "ልጄ፣ ሙዝ እርሻ መሃል ቆመሽም ቢሆን አልሸተተኝም ነው የሚባለው።" ዮሌኒም የተቀጠረች ዕለት ሽታው ጭምብሉን ሰርስሮ ገብቶ ምላሷ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሸቷት ነበር። "አልሸተተኝም" አለች። ኤርሲሊያ ከበሩ ላይ አጨበጨበችላት። ያን ዕለት ማታ ዶሮ ተበላ።

ቫኑ ውስጥ ኤርሲሊያ ያሰበችውን ነገረቻት። ቅዳሜ ከተፈተኑት ሴቶች አንዷ ሹክ ብላታለች፤ አዲሱ ፈታኝ ጭምብል ከማስጠለቁ በፊት አፍንጫ ይፈትናል። ሁለት ብልቃጥ ያቀርባል፣ አንዱ ላይ አንድ፣ አንዱ ላይ ሁለት ተጽፎበታል። በአንዱ ሙዚት አለች፣ በሌላው ባዶ ውሃ። የትኛው እንደሆነ በጣትሽ ታሳዪዋለሽ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ኖሮ አያውቅም።

"አንቺ ከፊቴ ትሰለፊያለሽ" አለች ኤርሲሊያ በሹክሹክታ። የእሷ ሹክሹክታ የሌላ ሰው ንግግር ያህላል። "አንድ ከሆነ ቀኝ ጆሮሽን ታኪልኛለሽ፣ ሁለት ከሆነ ግራሽን። ብልቃጦቹን ቦታ አይቀያይርም ብላኛለች።"

"ቅማል አለባት ብለው ቢያባርሩኝስ?"

"ቀልድ አይደለም፣ ዮሌኒ።"

"እኔስ መቼ ቀለድኩ። ይሁን፣ አለፍሽ እንበል። ከዚያስ? ተመልሰሽ እዚያ ክፍል ውስጥ ልትገቢ? ደረጃ እንኳ መውጣት አቅቶሽ…"

"አፍንጫሽን ላሺ!" አለቻት ኤርሲሊያ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጉልበቷ ላይ ያለውን ጨርቅ እየቆነጠጠች፣ አሁን በእውነተኛ ሹክሹክታ፣ "በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ማን ይቀጥረኛል?" አለች። "የቤት ኪራይ የሚከፍለው እጄ ነው፣ አፍንጫዬ አይደለም።"

ዮሌኒ ሌላ ጊዜ ለነገር ሁሉ መልስ አላት፤ እናቷ "ይህች ልጅ ስትወለድ ከእንግዴ ልጇ ጋር ምላሷ ነው የቀደመው" ትል ነበር። አሁን ግን መንገዶቹን በልቧ ትቆጥር ጀመር። አክስቷ ብትወድቅ ትባረራለች። ብታልፍ ደግሞ ያ ሳል ያለበት ደረት ተመልሶ በርሜሎቹ መሃል ይገባል፤ እስከ መቼ? ሁለቱም መንገድ ገደል ነው፣ መሪውን የያዘችው ደግሞ እሷ፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ በሁለት ጆሮዋ።

ፈተናው የሚካሄደው ምሳ የሚበላበት ክፍል ውስጥ ነበር፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ሰልፉ ኮሪደሩን ይዞ እስከ ልብስ መስቀያው ደርሷል። አሥራ ሦስት ሴቶች፣ ሁሉም ምሳ ዕቃቸውን ይዘው። ፈታኙ ሚስተር ፔትሮስኪ የሚባሉ ቁመታቸው ከበሩ የሚተካከል ሽማግሌ ናቸው። ስፓኒሽ ይናገራሉ፤ የተማሩት ከፖርቶሪኳዊት አማታቸው ስለሆነ ሴቱን ሁሉ "ልጄ" ይላሉ፣ ሲቆጡም እንደ አማት ነው የሚቆጡት። መጀመሪያ የገባችው ዲግና ነበረች፣ ጉንጫም፣ ሳቂታ ሴት። ሽማግሌው ብልቃጡን ገና ከማንሳታቸው ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው።

"አልሸተተኝም!"

ሰልፉ ራሱን ነቀነቀ፤ ጎበዝ እንደ ማለት።

"ልጄ፣ ክዳኑን እኮ አልከፈትኩትም" አሉ ሚስተር ፔትሮስኪ።

"እሺ፣ ይክፈቱት… አሁንም አልሸተተኝም።"

"እዚህ ላይ እንዲሸትሽ ነው የምፈልገው።"

ዲግና በበሩ በኩል ዞር ብላ ዶኛ ኔሬይዳን አየቻቸው፤ ዶኛ ኔሬይዳ ትከሻቸውን ሰበቁ። እንዲሸታት የሚፈልግ ፈታኝ በሃያ ሁለት ዓመታቸው አይተው አያውቁም። ሳቅ ሰልፉን ይዞ ወረደ። ሁለተኛዋም ገብታ ያንኑ አለች፣ ሦስተኛዋም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ፤ "ማነው እንዲህ ብላችሁ መልሱ ያላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ሰልፉ በሙሉ ጣሪያውን አየ። ሦስቱም እንደገና አሽትተው፣ በጣታቸው አሳይተው አለፉ፤ የሰውዬው ጀርባ እንደ ግድግዳ ስለሚጋርድ ከሰልፉ የትኛውን እንዳሳዩ የሚታይ ነገር የለም። ዮሌኒ ተራዋ ሲደርስ ኤርሲሊያ ከኋላ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ያማል። "ጆሮሽን" አለች።

ብልቃጥ ቁጥር አንድን አነሳች። ቀዝቃዛ ነው። አሸተተች። ምንም የለም፣ ስለዚህ ውሃው ይህ ነው አለች በልቧ። ቁጥር ሁለትን አነሳች። አሸተተች። ምንም። ሽማግሌው ተንኮለኛ ናቸው፣ ሁለቱንም ውሃ ሞልተዋቸዋል ብላ አንዱን መልሳ አነሳች፣ ከዚያ ሌላውን፣ አፍንጫዋን ብልቃጡ አፍ ላይ እስኪነካ ደፍታ ደረቷ እስኪሞላ ሳበች። ብርድ ብቻ ገባ። ዲግና እኮ በአንድ ማሽተት ነው አሳይታ የወጣችው። ዮሌኒ ሙዚት መጨረሻ የሸተተቻት መቼ እንደነበር ለማስታወስ ሞከረች፤ ባለፈው ሳምንት? ከገና በፊት? ሽታ ሲሄድ እንደ ሰው ደህና ሁኑ ብሎ አይሄድም። ከዚያ የዛሬ ጠዋቱ ወተት ትዝ አላት። ከመኝታ ክፍሉ የወጣችው ሽታ ሰምታ አልነበረም፤ ሹራቧን ልትፈልግ ነበር። ጭሱን ያየችው በዓይኗ ነው። ያረረ ወተት ሰፈር ለሰፈር ይሸታል፣ እሷ ግን በሩን እስክትከፍት ድረስ…

ክው አለች። ጠረጴዛውን ያዘች።

"ልጄ?" አሉ ሽማግሌው።

ጣቷ ራሱ ወደ ሁለት ሄደ። ለምን ሁለት? እንጃ። ለእሷ ቅርብ ስለነበረች።

"ጥሩ" አሉና ጻፉ። "ጭምብልሽን ይዘሽ ጥግ ላይ ቆዪ።"

አለፈች። የፈለጉት ሁሉ እጇ ውስጥ ገባ፤ ሙዚት ሁለት ውስጥ ናት፣ ግራ ጆሮዋን ብትነካ ኤርሲሊያም ታልፋለች፣ ሁለቱም ጭምብላቸውን አጥልቀው ይገባሉ፣ ዓርብ ደመወዝ አለ። ዞረች። ኤርሲሊያ በሩ ላይ ቆማ በዓይኗ ጆሮዎቿን ትመዝናለች። ዮሌኒ እጇን አነሳች፤ እጇ አገጯ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"እከኪው!" አለች ኤርሲሊያ በጥርሷ መሃል።

"ቲያ" አለች ዮሌኒ ወደ በሩ ተጠግታ በሹክሹክታ። ድምፅዋ የእሷ አልመሰላትም። "ገመትኩ እንጂ እኔም አልሸተተኝም።"

"ምን?"

"ሁለቱም። ምንም የላቸውም።"

የኤርሲሊያ ዓይን ከዮሌኒ ጆሮ ወደ ዮሌኒ አፍንጫ ወረደና እዚያ ቆየ፤ ልክ የጠፋ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ባዶ መሳቢያ ውስጥ እንደሚያየው። ከዚያ ተራዋን ገባች። ብልቃጦቹን ግን አላነሳቻቸውም። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ገበያ ላይ ዋጋ እንደምትከራከር ሴት ቀጥ ብላ ቆመች።

"አይሸተኝም" አለች። "ሦስት ዓመት ሆነኝ። ይጻፉት።"

ከሰልፉ መሃል አንዷ "ኧረ ዝም በይ፣ አንቺ ሴትዮ!" ብላ ተቆጣች። ኤርሲሊያ አልዞረችም።

"ያቺ ልጅም ገምታ ነው ያለፈችው። አምስት ወሯ ነው እዚህ ከገባች፣ አምስት ወር ብቻ። ያመጣኋት እኔ ነኝ። መልሰው ይጠይቋት።"

"ቲያ፣ ተይ!"

"መልሰው ይጠይቋት ብያለሁ!"

ሚስተር ፔትሮስኪ ብልቃጦቹን ከካርቶን ጀርባ ወስደው ቁጥሩን በጣታቸው ሸፍነው መለሷቸው። ዮሌኒ አሸተተች። ዓይኗን ጨፍና፣ በሕይወቷ ጸልያ የማታውቀውን ጸሎት እየጸለየች አሸተተች። በግራ በኩል ያለውን አሳየች። ሽማግሌው ጣታቸውን ከሌላኛው ላይ አነሱ፤ ሁለት ቁጥር እዚያ ነበር፤ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ሁለቱንም ክዳን አጥብቀው ዘጉ፣ እስክሪብቷቸውንም አስቀመጡ። ቁጣቸው ሁሉ ጠፍቶ ነበር፣ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራት።

"አንዳንዴ አፍንጫ ይደክማል፣ ልጄ፣ እንደ እግር። ውጭ ግማሽ ሰዓት ንጹሕ አየር ላይ ቆዪና ተመለሺ። ሐኪም ግን ሁለታችሁንም ማየት አለበት፤ ይህን እጽፋለሁ።"

"ይመለሳል?"

"እኔ ብልቃጥ የምይዝ ሰው ነኝ።"

"ይመለሳል በሉኛ!"

ሽማግሌው ወረቀታቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ዮሌኒ መዋሸት የማያውቅ ሰው እንዲህ ክፉ መሆኑን ያን ዕለት አወቀች። ኤርሲሊያ የሁለቱንም ካፖርት ከመስቀያው አውርዳ አንዱን ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። "ልብስሽን ደርቢ" አለች።

"ሥራችንስ?"

"ደርቢ አልኩሽ። ብርድ ነው።" ቁልፎቹን ራሷ ትቆልፍላት ጀመር፣ ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ሕፃን ልጅ። ካፖርቱ የተሳሳተ ቁልፍ ላይ ተቆልፎ አንገቷ ሥር ተጣመመ፤ ሁለቱም አላስተካከሉትም።

"ቀጣይ!" አሉ ሚስተር ፔትሮስኪ።

ቀጣይዋ ዶኛ ኔሬይዳ ነበሩ። ከመቀላቀያው እንደ እሳቸው የቆየ የለም፣ ከሰልፍም ተራቸውን አሳልፈው አያውቁም። አሁን ግን አልገቡም። ኮሪደሩ መሃል እንደቆሙ ምሳ ዕቃቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። ክዳኑን ከፈቱ፤ ዩካ የሚሉት የተቀቀለ ካሳቫ ነው፣ ላዩ ላይ በዘይት የጠበሱት ነጭ ሽንኩርት በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ የፈሰሰበት ይመስላል። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ራቅ አደረጉት። እንደገና አስጠጉት። ከዚያ ተፈትና አልፋ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችውን ዲግናን ጠሩና ዕቃውን ወደ እሷ ዘረጉት።

"ነጭ ሽንኩርት አለው?"

"እርስዎ አይደሉ እንዴ የሠሩት?" አለች ዲግና፣ ልትስቅ ፈልጋ።

"አለው ወይ ነው ያልኩሽ።"

ዲግና አጎንብሳ አሸተተች። ቀና ስትል ሳቋ ፊቷ ላይ አልነበረም።

"ሞልቶታል፣ ዶኛ" አለች ቀስ ብላ።

ዮሌኒ የውጪውን በር እጀታ ይዛ ቆመች። ከኋላዋ፣ ሰልፉን ይዞ፣ የምሳ ዕቃ ክዳን ሲከፈት ሰማች፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።